ከጭፈራው ማግስት

ሰኞ ጠዋት ፀሐይወርቅ ያበጡ እግሮቿን ለብ ባለ የጨው ውሃ እንደነከረች አማቷ እማማ ተሾመች ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ጫማው ነው ወይስ ጭፈራው?"

ፀሐይወርቅ ክው አለች። ባሏ አባይነህ ከሞተ ወዲህ ነፋስ ስልክ በሚገኘው በዚህ ቤት ከእናቱ ጋር፣ ሁለቱም ጥቁር እንደለበሱ ይኖራሉ። ሰሞኑን ስታመሽ ደግሞ "ቤተልሄም አሟት ነው" ስትል ነበር።

"ማን ነገረዎት?"

"ጎረቤት ምን ሥራ አላት! 'ምራትሽ ሐዘኗን ጣለች' ብላኝ ሄደች።"

"እና ምን አሏት?"

"'ዕድሜ ለጓደኞቿ' አልኳት። በይ አሁን ሳትደብቂ ንገሪኝ።"

ማንም አላቀደውም። ሐሙስ ዕለት፣ የምትሠራበት ስፌት ቤት የመብራት ቆጣሪ ተቃጠለና እስከ ሰኞ ሥራ ቆመ። ባልደረባዋ ቤተልሄም "ክትፎ ልጋብዝሽ" ብላ ይዛት ወጣች። ከዚያ የቤተልሄም ወንድም ሮበሌ በውይይት ታክሲው መጥቶ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ወሰዳቸው። ጥግ ይዛ ኮካዋን ስትጠጣ አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ፊቷ ቆመ፦

"ጥቁር ለባሿ ሴት ምን ትተክዣለሽ፣
ክረምቱ እንደሁ አልፏል ለማን ትዘንቢያለሽ።"

ቤቱ አውካካ። እሷ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ቤተልሄም እጇን ስትስባት ተነሣች። ትከሻዋ እስክስታ የረሳ መስሏት ነበር፤ አልረሳም። በማግስቱ "ዛሬስ የት ነን?" ብላ የጠየቀችው ራሷ ነች። ሳሪስ ጨፈሩ። ቅዳሜና እሑድም ደገሙት፤ ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።

"አባይነህን ረስቼው አይደለም፣ እማማ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እየጨፈርኩም አስበው ነበር። ግን አላመመኝም።"

እማማ ተሾመች አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"እሱማ ጭፈራ ምኑን ያውቅበት ነበር! በሠርጋችሁ ዕለት ሲጨፍር አጥር የሚተክል ነበር የሚመስለው።"

ፀሐይወርቅ ሳቋ አመለጣት። እማማም የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከሞተ ወዲህ የልጃቸው ስም በዚህ ግቢ ከሳቅ ጋር ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ሥራ የምትሄድበት ሰዓት ደረሰ። ፀሐይወርቅ እግሯን አደራርቃ ገባችና ሜትሯን ይዛ ወጣች።

"እስኪ ይነሡ፣ እማማ። ልለካዎት።"

"ምን ልትሰፊልኝ?"

"ቀሚስ። ቀለሙን እርስዎ ይምረጡ።"

አማቷ የለበሱትን ጥቁር ቀሚስ ቁልቁል አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና እጆቻቸውን ዘረጉላት።