ሎርዱ ያውቅ ነበር?

ሠረቀብርሃን ሎርድ ሃስልበሪን አይወደውም። በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም አስጎብኚ ሆኖ ከተቀጠረ ጀምሮ፣ የዚህን እንግሊዛዊ ባላባት ሕይወት ሲያወራ ይውላል። ሰውየው ቨርጂኒያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም፤ ሥዕሉ ግን በስጦታ መጥቶ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዟል።

«ወጣትነቱን በቁማር ፈጀ» ይላል ሠረቀብርሃን ለጎብኚዎቹ። «ከዚያ ወታደር ሆኖ ጀርመን ዘመተና ጉልበቱን ተመታ። አገሩ ሲመለስ በአባቱ ስም ፓርላማ ገባ፤ ብዙ ተናገረ፣ የሰማው የለም። በስተርጅና፣ ካመፁት አሜሪካኖች ጋር አስታርቅ ተብሎ ከንጉሡ ተላከ። ‹ጦራችን ከፊላደልፊያ አይነቃነቅም፣ ብትታረቁ ይሻላችኋል› እያለ ሲደራደር፣ ጦሩ ከተማዋን ለቆ ለመውጣት ጓዙን ይጭን ነበር። ለንደን ትእዛዙን የሰጠችው እሱ መርከብ ሳይሳፈር ነው።»

እዚህ ላይ አንዱ ጎብኚ ሁልጊዜ «ያውቅ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

«እንዴት አያውቅም! ላኪው የሚያደርገውን የማያውቅ መልእክተኛ የት አለ?» ይላል ሠረቀብርሃን። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፤ እሱም ደስ ይለዋል።

ባለፈው ወር ስፕሪንግፊልድ የሚኖረው ወዳጁ ከፈለ ኮል አደረገለት። ልጁ ኖህ የቢራቱን ልጅ ማራናታን ሊያገባ ፈልጓል፤ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልን አለው። ቢራቱና ሠረቀብርሃን አሜሪካ እንደገቡ አርሊንግተን አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተጋርተው ዓመታት የኖሩ ናቸው። ሠረቀብርሃን ሚስቱን ሲቀብር ክንዱን ይዞ ያቆመው ቢራቱ ነው። ከእሱ ሌላ ወንድም የለውም።

«የደበቅከኝ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገረኝ» አለው ከፈለን። «ቢራቱ ፊት ቆሜ አልዋሽም።»

«ኧረ ምንም የለም!» አለ ከፈለ።

ቅዳሜ ሠረቀብርሃን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ። ቢራቱ በሩን ከፈተና «ተቀመጡ» አላቸው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ሠረቀብርሃን፣ እንደ ወጉ። የልጅ አባት መቼም ይኮሳተራል ብሎ ንግግሩን ቀጠለ። ሲናገር ደግሞ ጣፈጠው። «ልጆቹ በሥርዓት ያደጉ ናቸው። ያለ አንተ ፈቃድ አንድ እርምጃ አልተራመዱም። ይህን የምልህ እኔ ሠረቀ ነኝ፤ ስሜን አስይዤ ነው።»

ቢራቱ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲጨርስ ወደ ደረጃው ዞሮ ተጣራ። ማራናታ ዓይኗ ቀልቶ ወረደች።

«ለጋሼ ሠረቀ ንገሪያቸው።»

«ጋሼ፣ አይም ሶ ሶሪ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ኮርት ሄደን ተፈራርመናል። ዊ አር ኦልሬዲ ሜሪድ። እነ ኖህ የነገሩዎት መስሎኝ…»

ሠረቀብርሃን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔ ትናንት ነው የሰማሁት» አለ ቢራቱ። «ልደውልልህ ነበር። ከዚያ ግን፣ ቆይ፣ ሠረቀ መጥቶ ምን እንደሚለኝ ልስማ አልኩ።»

«አላወቅኩም፣ ቢራቱ! በእግዚአብሔር፣ አላወቅኩም!»

«የእነሱ ሽማግሌ ሆነህ?» ብሎ በሩን ከፈተላቸው። እንደቆሙ ወጡ።

መኪናው ውስጥ እንደገባ ከፈለ ጋ ደወለ።

«እሱማ ወረቀት ነው እኮ» አለ ከፈለ። «ልጅቷን በኖህ የጤና ኢንሹራንስ ለማስገባት የፈረሙት ነው። ጋብቻ ገና ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ድግስ፣ ሁሉም ይቀራል።»

«ጠይቄህ ነበር!»

«ብነግርህ ትሄድልኝ ነበር?»

«አልሄድም!»

«ታዲያ!» አለ ከፈለ፣ ልክ እንደ ረታ ሰው።

ሠረቀብርሃን ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወረው። ያበገነው የከፈለ ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ማጣፈጫ የጨመረው የገዛ አፉም ነው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አነሳና ቢራቱ ጋ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እሑድም እንዲሁ ሆነ።

ሰኞ ጎብኚዎቹን ሥዕሉ ፊት አቆማቸው። ቁማሩን፣ ጉልበቱን፣ ፓርላማውን ቶሎ ቶሎ አለፈው። ጦሩ ጓዙን መጫኑ ጋ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ እጇን አወጣች።

«ያውቅ ነበር?»

ሠረቀብርሃን ቀና ብሎ የሎርዱን ፊት አየው። ይህን ሁሉ ዓመት ትዕቢት የመሰለው ነገር ዛሬ ሌላ ሆነበት።

«አላወቀም» አለ።

«ታዲያ ለምን አላወቅኩም አላላቸውም?»

«ብሏቸዋል» አለ ሠረቀብርሃን፣ እጁን ኪሱ ከቶ ስልኩን እየዳበሰ። «ብሏቸዋል፤ ማን ይመነው?»