አርባ ኩራዝ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ ጣሳ ትዛግ። የተጠራጠረ ጎንደር ይምጣና ቆርቆሮ ሠሪዎቹን ይጠይቅ፤ ሁለት ሦስቱ ዛሬም በሕይወት አሉ። ጆሯቸው በመዶሻ ስለደነቆረ ጮክ ብሎ ይጠይቅ እንጂ አንድም ነገር አይደብቁትም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ሐብተ ማርያም አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ፣ ሌላውን ደጃፉ ላይ አድርጎ ከሚስቱ ጋር ይከራከር ነበር።

"ጋቢህን ያዝ" ትለዋለች እታገኘሁ።

"ፀሐይ ሊወጣ ጋቢ ምን ያደርግልኛል?"

"ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ኩራዙ ካልሞላ ጓድ ሰጠኝ ምን አደርግሃለሁ እንዳለህ የነገርኸኝ አንተው ነህ። እዚያ እስር ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ያለ ጋቢ የገባ ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው የሚወጣው።"

"ሟርተኛ!"

"ሟርት አይደለም፤ ብርድ ነው።"

ጋቢውን ጥሎባት ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐብተ ማርያም አራዳ አጠገብ ያለው የ«ንጋት» ቆርቆሮ ሠሪዎች ማኅበር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው። ማኅበሩ ባዶ የሳልሳ ጣሳ እየሰበሰበ ኩራዝ ይሠራል። በዚያ ወር ከደባርቅ ወዲያ ላሉ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች ስድስት መቶ አርባ ኩራዝ ታዞ ነበር፤ ገበሬ ቀን ያርሳል፣ ፊደል የሚቆጥረው ሲመሽ ነው። ይህን ያህል ኩራዝ ለመሥራት ደግሞ የማይለመን የለም። ጣሳው ከፀዳ ጦር ካምፕ፣ ማጣበቂያው ስታኞ ከአስመራ፣ ክሩ ከፈታዮች፣ መኪናው ከመንግሥት፣ መንገዱ ከእግዜር ነው። ጣሳ ሲመጣ ስታኞ ያልቃል፤ ስታኞ ሲገኝ ፈታዮቹ ሰርግ ይሄዳሉ፤ ሁሉ የተሟላ ዕለት መንገዱ ይዘጋል። ወደ ደባርቅ የሚሄደው በወታደር የሚታጀብ ኮንቮይ ዛሬ ካመለጠ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ወርም ሊሆን ይችላል፣ ክረምትም ሊገባ ይችላል። በዚህ የተነሳ ሐብተ ማርያም መቀመጥ ረስቷል። ቆሞ ይበላል፤ እየሄደ ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ሲያጣ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆጥራል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሰጠኝ ደግሞ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ "አንዲት ብትጎድል አሻጥር ነው!" ብሎ አጨብጭቦ አስጨብጭቧል። አሻጥር ማለት ያን ጊዜ እንደ ዛሬ የቀልድ ቃል አልነበረም። ትናንት ሐብተ ማርያም ኩራዙን ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ስምንት ይጎድላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው አውቶብስ አዘዞን አልፎ ፀዳ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ወዳለው የወታደሮች ወጥ ቤት ሲገባ፣ ገና ሰላም ሳይል የወጥ ቤቱ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ደመቀ ጭልፋውን ወርውሮ ጮኸ።

"ደግሞ መጣህ! አንተ ሰው፣ ምን በደልንህ?"

"ስምንት ጣሳ ብቻ፣ ሃምሳ አለቃ።"

"ልጆቼ ባንተ ምክንያት ወሩን ሙሉ ሳልሳ ነው የበሉት። ቁርስ ሳልሳ በዳቦ፣ ምሳ ሳልሳ በመኮሮኒ፣ ራት ሳልሳ በቂጣ። ትናንት አንዱ ጢሙን ሲላጭ ቢቆረጥ ጓደኛው ዳቦ ይዞ ደረሰ!"

"የመጨረሻ ናት። ስምንት።"

"ሙሉ አለኝ። ባዶ የለኝም።"

"ታዲያ ክፈተውና ድፋው።"

ደመቀ ግራ ቀኙን አየ። "የመንግሥትን ሳልሳ? ልታሳስረኝ ነው? መድፋት አሻጥር ነው፤ መብላት ግን ግዳጅ ነው። የሚበላ አምጣና ጣሳህን ውሰድ።"

"ወታደሮቹስ?"

"ሳልሳ ሲከፈት የሰማ ሁሉ ጠመንጃውን አንሥቶ ዘብ ይወጣል። ዕድሜ ላንተ፣ እንደዚህ የሚጠበቅ ካምፕ በአገሩ የለም።"

ሐብተ ማርያም ሰዓቱን አየ። አንድ ሰዓት ተኩል። ቀበቶውን አላላና ማንኪያ ጠየቀ። ሦስቱን ጣሳ ቆሞ በላ። ደመቀ አዝኖለት ሁለቱን አገዘው። የቀሩትን ሦስት የካምፑ ውሻ ጨረሰ፤ ውሻውም በስንቅ መዝገብ ላይ ስሙ ስላለ ሕግ አልተጣሰም።

"ለመሆኑ የስሜንን ተራራ ልታቃጥሉት ነው?" አለ ደመቀ አፉን እየጠረገ። "አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ጣሳ ብለህ ነው የጻፍህልኝ።"

"ግማሹ ዝጎ ቢገኝስ ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ ግማሹ ውሸት ነው ብዬ ግማሹን ፈቀድሁልህ።"

"የሚያስፈልገኝም ግማሹ ነበር።"

"አየህ፣ ተግባብተናል!" አለና ስምንቱን ጣሳ በሲባጎ አንጠልጥሎ አስያዘው።

ሐብተ ማርያም ሆዱ እየጮኸ፣ ጣሳዎቹም እጁ ላይ እየጮኹ፣ አራት ሰዓት ላይ ግቢው ደረሰ። ቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጣሳዎቹን ከእጁ ነጥቀው ፍም ላይ ተረባረቡ። ከኮንቮዩ የተመደበላቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና በዱቄት ተሞልቶ በሩ ላይ ቆሟል። ረዳቱ ከኋላ አንድ ጥግ በእግሩ እየመታ፣ "የናንተ ይቺ ናት፣ ከዚህች ወዲያ አንዲት ስንዝር የለም!" ይላል። ሠላሳ ሁለቱ ጆንያ፣ በየአንዳንዱ ሃያ ኩራዝ በጭድ ተሸፋፍኖ፣ ያቺን ጥግ ልክ ይሞላታል። ሐብተ ማርያም በጥቂቱ ለክቷታል መሰላችሁ? አራት ቀን ለክቷታል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት መቶ አርባኛው ኩራዝ ከፍሙ ወጣ። ሐብተ ማርያም ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለ። ቁጭ ባለበት አንድ ባና የተከናነቡ ሽማግሌ ገቡና ጆንያዎቹን ዞረው አዩ። የገበሬ ማኅበሩ ተወካይ አያ ክንዱ ናቸው፤ ኩራዙን ተረክበው በዚያው መኪና ሊመለሱ ከደባርቅ ወዲያ የመጡ።

"ይህ ሁሉ የማን ነው?" አሉ።

"የናንተ ነዋ፣ አያ ክንዱ።"

"የኛ? ምነው ልጄ! እኛ የጠየቅን አርባ ነው። አራት ጎጥ፣ ለጎጥ ዐሥር። በአፌ የተናገርሁት እኔ ነኝ።"

ሐብተ ማርያም ብድግ አለ። ፋይሉን አወጣና ደብዳቤዎቹን አንድ ባንድ ገለጠ። የጣቢያው መምህር ሰማንያ ብሎ ጽፏል።

"አዎ" አሉ አያ ክንዱ፣ "'ግማሹን ነው የሚሰጡን' ብሎ ነው። ሸጋ ልጅ ነው፣ ለኛ አስቦ ነው።"

ከዚያ በላይ ያለው ሰውዬ፣ የበላዩ ግማሹን እንደሚቆርጥበት ስለሚያውቅ፣ መቶ ስድሳ ብሏል። የበላዩም የራሱን የበላይ ስለሚያውቅ ሦስት መቶ ሃያ ብሏል። ከዚያ በታች በቀይ እስክሪብቶ የጓድ ሰጠኝ ጽሑፍ አለ፤ "ማኅበራችን በእጥፍ ያመርታል!" በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ አንድም የቆረጠ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ቆራጭ ሲጠብቅ ሁሉም ጨማሪ ሆነ። ቆራጭ የተገኘው ፀዳ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

"ላምባውስ የት አለ?" አሉ አያ ክንዱ።

"የምን ላምባ?"

"ኩራዝ ያለ ላምባ ይበራል? ባለፈው ዙር ላምባ አልቆብን በምድጃ እሳት ተማርን። ሀሌታውን ሀ ለየን፣ ሐመሩ ሐ ላይ ስንደርስ ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው። እስከ አርባ ቆጥሬ ያቆምሁ እኔ በጭሱ ነው።"

ላምባው እዚያው ግቢ ጥግ ቆሟል፤ አንድ በርሜል። ላዩ ላይ "ለደባርቅ ጣቢያዎች፣ መኪና ሲገኝ ይላክ" የሚል ማዘዣ ተለጥፏል። የሌላ ክፍል ዕቃ ስለሆነ ለአደራ ከተቀመጠ ወር አልፎታል፤ ሐብተ ማርያም በየቀኑ ያልፈዋል፣ አንዳንዴም ይደገፈዋል። ኩራዝ ሲቆጥር ላምባ ለምን ትዝ አላለውም? ያልታዘዘውን የቆጠረ ማን አለ?

"ረዳት!" አለ፤ "በርሜሉ ከጆንያው ጋር ይገባል?"

"ወይ ጆንያው ወይ በርሜሉ። ሽማግሌው እግር ሥር ሁለት ጆንያ ትሸጎጥ ይሆናል።"

ሁለት ጆንያ፣ አርባ ኩራዝ። ሐብተ ማርያም የሸሚዙን ቁልፍ ከላይ ወደ ታች ቆጠረ፤ ተመልሶ ከታች ወደ ላይ ቆጠረ። ይህን ጊዜ ጓድ ሰጠኝ ክራባቱን እያስተካከለ ደረሰ።

"ለምን አልተጫነም? ሩብ ሰዓት ነው የቀረው!"

"ጓድ ሰጠኝ፣ የተፈለገው አርባ ነው። ስድስት መቶውን ከጫንን ላምባው ይቀራል።"

"ላምባ የኛ ክፍል አይደለም። እኔ በሕዝብ ፊት ስድስት መቶ አርባ ብያለሁ!"

"ላምባ ከሌለ ስድስት መቶ አርባ ጣሳ ነው የሚደርሰን፣ ጓድ" አሉ አያ ክንዱ። "ጣሳ ደግሞ አለን።"

ጓድ ሰጠኝም ቢሆን ወገብ አለው፣ ሲሚንቶውንም ያውቀዋል። ሐብተ ማርያምን በክርኑ ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

"እሺ። በርሜሉንና አርባውን ጫን። ደረሰኙ ላይ ግን ስድስት መቶ አርባ ብለህ ሙላ፤ ሽማግሌው ጣታቸውን ያስነኩ። የቀረውን መጋዘን እንቆልፍበታለን። ማን ተራራ ወጥቶ ይቆጥራል?"

ሸጋ ሐሳብ ነው። ማንም አይታሠርም፤ ገበሬውም ብርሃን ያገኛል። ሐብተ ማርያም እፎይ አለ። በርሜሉ ተንከባሎ ተጫነ፤ ሁለቱ ጆንያ ተሸጎጠ። ደረሰኙን አውጥቶ፣ የቁጥሩን ቦታ በኋላ ሊሞላው ክፍት ትቶ፣ የቀለሙን ሙዳይ ለአያ ክንዱ አቀረበ።

"ጣትዎን እዚህች ላይ፣ አያ።"

አያ ክንዱ ቀለሙን አዩና እጃቸውን ባናቸው ውስጥ ሸሸጉ። "ጣት አላስነካም።"

"ምነው?"

"ለምን ተማርሁ እንግዲህ? እስክሪብቶህን አምጣት።"

እስክሪብቶዋን እንደ ዕርፍ ጨበጧት። ሾፌሩ ጥሩንባውን ያንባርቃል፤ ረዳቱ ይሳደባል፤ እሳቸው ፊደሏን አንድ ባንድ እየተከሉ ይሄዳሉ። ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ክፍት በቀረው ቦታ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "አርባ ኩራዝ" ብለው ጨመሩ። "ራ" ትንሽ ጋደል ብላለች እንጂ ከሩቅ ትነበባለች።

"ቅደደው!" አለ ጓድ ሰጠኝ። "ሌላ ደረሰኝ አምጣ!"

"ብትቀድደውም ሌላው ላይ የምጽፈው ይችኑ ነው" አሉ አያ ክንዱ። "ከአርባ ወዲያ ያለውን ገና አልተማርሁም።"

የሠሪዎቹ መዶሻ እንኳ ቆመ። ሐብተ ማርያም ደረሰኙን በአንድ እጁ፣ ኪሱ ያለውን የዕቃ ቤቱን ማኅተም በሌላው እጁ ያዘ። መቅደድ ይችላል፤ ቀድዶ የሰው ስም አስመስሎ መሙላትም ቀላል ነው። ግን አንድ ነገር ታየው። ወረቀቱ ስድስት መቶ አርባ ካለ፣ የሚቀጥለው ዙር ከስድስት መቶ አርባ ይጀምራል። መምህሩ እጥፍ ይላል፣ የበላዩ እጥፍ ይላል፣ የበላዩም የበላይ እጥፍ ይላል፣ ጓድ ሰጠኝ ያጨበጭባል፣ እሱ ራሱ "ቢዝግስ" ብሎ እጥፍ ይጽፋል። የፀዳ ወታደሮች ታዩት። ውሻው ታየው።

ማኅተሙን አወጣ፤ ሃህ ብሎ ተነፈሰበትና "አርባ" ከምትለዋ አጠገብ ጠቅ አደረገው።

"በገዛ እጅህ ነው የታሠርኸው!" አለ ጓድ ሰጠኝ፤ ድምፁ ግን ከቁጣ ይልቅ ወደ ልመና ያደላ ነበር።

መኪናው ተነሣ። አያ ክንዱ በርሜሉን እንደ ሙሽራ አቅፈው ከኋላ እጃቸውን አወዛወዙ። ሐብተ ማርያም አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ አየና ወደ በሩ ዘበኛ ዞረ።

"እባክህ ቤቴ ድረስ ሂድልኝና እታገኘሁን 'ጋቢውን ላኪለት ብሏል' በልልኝ።"

ከዚያም ሠላሳው ጆንያ መካከል ቁጭ አለ። ምንም አልቆጠረም።

በቃ፣ ነገሩ ይህ ነው። አሁን ግን ስለ ጣሳ የማልሁት ትዝ አለኝና ምላሴን ሳትዝግ ባድናት ይሻላል። ሳልሳውም፣ ውሻውም፣ የተቆረጠው ጢምም እውነት ነው፤ የፈጠርሁት አንዲት ነገር ብቻ ናት። አያ ክንዱ የጠየቁት አርባ አልነበረም፣ ሃያ ነበር። ምን ላድርግ፤ ስታምኑኝ ግማሹን እንደምትቆርጡ አውቃለሁ።