ቁጥር አራት፣ ከአንሶላው ጀርባ

ሙዚቃው ገና ሦስተኛው ምት ላይ ሳይደርስ ውሻው በመስኮት ዘለለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር፤ በር ድረስ ለመሄድ ግን ትዕግሥት አጣ። የግሬተን የሽንኩርት መደብ ደረማምሶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ቶርኪል ኋላ ለሰው እንዳወራው ከሆነ ደግሞ ባሕሩን በዋና አቋርጦ ኖርዌይ ገባ። ሐቁን ለሚፈልግ፣ የጎረቤት መኪና ሥር ነው የተደበቀው።

"አጥፋው በሞቴ!" አለች ሚስቱ ግሬተ፣ የአትክልት መቀሷን እንደያዘች ጋራዡ በር ላይ ቆማ። "ጥርሴን ነቀልከው እኮ!"

"ቫዮሊን ነው።"

"ሹካ ሳህን ላይ ሲጎተት ነው እንጂ ምኑ ቫዮሊን ነው!"

"ጆሮ የሌለው ሰው ሹካና ቫዮሊን አይለይም።"

"ውሻውም ጆሮ የለውም?"

"ውሻ ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል?" አለና ቶርኪል ወደ ላፕቶፑ ዞሮ ቀጭኑን ድምፅ ሌላ አንድ እርከን ጨመረበት። ግሬተ መቀሷን ጥላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች።

ቶርኪል ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈው ስፒከር ፋብሪካ ውስጥ፣ በመጨረሻው ክፍል፣ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሥራው መስማት ነበር። የተሠራው ሁሉ በፊቱ ያልፋል፤ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ "ይሂድ" ወይም "ይመለስ" ይላል። ስለዚህ በሊምፊዮርድ የባሕር ወሽመጥ ዳር ባሉ መንደሮች ሁሉ ስሙ "ጆሮው" ነው። አንድ ጊዜ በአውራ ጎዳና እያለፈ በነበረ የጭነት መኪና ላይ፣ በታሸገ ሣጥን ውስጥ፣ አንዲት ብሎን መላላቷን ሰምቶ መኪናውን አስቁሟል። እንደዚያ ነው የሚለው። ሾፌሩ በሕይወት ስለሌለ የሚያስተባብለውም የለም።

የዘንድሮው ጣጣ የመጣው ስፒከሩ ውስጥ ከገባው አዲስ የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ነው። ድሮ አንድ ሰው እቤቱ ስፒከር ሲሠራ፣ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ስፒከሩ ትልቁ አፍ፣ ቀጭኑን ወደ ትንሿ የሚያከፋፍለው በጥቅል ሽቦ ነበር። ሐሳብ መቀየር ጣት ያቃጥላል፤ ሽቦውን በእሳት ፈትቶ በእሳት መመለስ ነው። ስለዚህ ሰው አንድ ቦታ ላይ "ይበቃል" ይላል። ይህ አዲሱ አምፕሊፋየር ቦርድ ግን መጠኑ መዳፍ አያክልም፤ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ፕሮግራም መጫን ነው። ከዚህ ይቀነስ፣ እዚያ ይጨመር፣ በአንድ ጣት። ጣት አያቃጥል፣ ጊዜ አይፈጅ። እናም ቶርኪል ከመጋቢት ወዲህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ቀይሯል። ከእራት ይነሣል፣ አንድ ነገር ይቀይራል፣ ይመለሳል፣ ሁለት ጉርሻ ይጎርሳል፣ ደግሞ ይነሣል። የቀየረው ሁሉ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ መጨመር ነው። ምንም ቢጨምር አይበቃውም፤ ሁልጊዜ ስፒከሩ አፍ ላይ የሆነ ሰው ኮት የሰቀለበት ይመስለዋል።

ማይክራፎኑም አልተስማማውም። ከስፒከሩ ፊት አቁሞ ሲለካ፣ ላፕቶፑ ላይ የሚወጣው መሥመር በወፍራሙ ድምፅ በኩል ሜዳ ሜዳውን ይሄድና፣ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ገደል እንደምትወጣ ፍየል ሽቅብ ይንጠላጠላል። "ተበላሽቷል" ብሎ ሌላ ገዛ። ሁለተኛውም ያችኑ ፍየል አሳየው። ሦስተኛውን ከጀርመን አስመጣ። እሱም ፍየሏን ይዞለት መጣ።

"ተመካክረው ነው የሚዋሹት" አለ ቶርኪል።

ዛሬ ደግሞ የአንሶላ ቀን ነው። የስፒከር ሠሪዎቹ ማኅበር በዓመት አንድ ቅዳሜ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል። መድረኩ ላይ ነጭ አንሶላ ይዘረጋል፤ ሁሉም የሠራውን ከጀርባው ያቆማል፤ ዕጣ ወጥቶ ቁጥር ይሰጣል። የማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ዓይነት ሙዚቃ በየተራ ይሰማና ሰዉ የወደደውን ይመርጣል። ያሸነፈው ስፒከር ለዓመቱ የአዳራሹ ይሆናል። ሠርጉም፣ ቀብሩም፣ የሽማግሌዎቹ ዳንስም በእሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተመረጠው የቶርኪል ነው። ዘንድሮ ከተሸነፈ ጆሮው ምኑን ጆሮው ሊባል ነው? ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረው ማዕረግ ያ ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ስፒከሩን ከመኪና ሲያወርድ ፕሬበን ጠበቀው። ፕሬበን ጎረቤቱ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ የቀድሞ ፖስተኛ።

"አቶ ጆሮው! ድመቴ ሰላም ብላሃለች" አለ ፕሬበን። "ዛሬ ቁርሷን ላም በላች። ትናንት ትራክተር ነበር። ለጋዜጣው ጻፍልኝ እንጂ!"

"የሠራችውን ታውቃለች" አለ ቶርኪል።

በፀደይ ወራት ቶርኪል ለአካባቢው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በአጥሩ ጥድ ውስጥ የሚኖሩት አውራ ጣት የሚያክሉት ወፎች ድምፃቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ የጨረሰቻቸውም የፕሬበን ድመት ናት ብሎ። ድመቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የቀሯት ሦስት ጥርሶች ናቸው።

"ሦስት ጥርስ!" አለ ፕሬበን። "አንዱም ይነቃነቃል! በምኗ ነው የበላቻቸው? በማንኪያ?"

ቶርኪል ስፒከሩን ተሸክሞ ገባ።

ውስጥ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲግኔ አንሶላውን ወጥራ ጨርሳለች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ዕጣ አወጡ፤ ለቶርኪል አራት ደረሰው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ቆሙ። ሲግኔ ከመሣሪያ አንዲት ድምፅ ትለቃለች፤ ድምፅዋ ከወፍራም ትነሣና እየቀጠነች እየቀጠነች ትወጣለች፤ መስማት ያቃተው ይቀመጣል። መጨረሻ ቆሞ የቀረ ከሳህን ማጠብ ነጻ ነው። ቶርኪል ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ሳህን አጥቦ አያውቅም።

"ዘንድሮ ዓይን ጨፍናችሁ" አለች ሲግኔ።

"ለምን?" አለ ቶርኪል።

"ባለፈው ዓመት እየተያያችሁ ስትቀመጡ አይቻለሁ። ጨፍኑ!"

ጨፈነ። ድምፅዋ ተነሣች። እንደ ገመድ ነበረች፤ ሲባጎ ሆነች፤ ክር ሆነች፤ ከዚያ ተበጠሰች። ቶርኪል አልተጨነቀም። ሁልጊዜም እዚያ ጋ ትበጠሳለች፤ ያኔ ዓይኑን ወጣቶቹ ላይ ያሳርፋል፤ የመጨረሻው ሲቀመጥ አንድ ትንፋሽ ጨምሮ እሱም ይቀመጣል። አሁን ግን የሚያየው የለም። ከኋላው አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሦስት ባንድ ጊዜ። እሱ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ቅዱስ ሥዕል ላይ እንዳለ ሰው ፈገግ ብሎ ቆመ።

"ቶርኪል" አለች ሲግኔ፣ "አሁንም ትሰማለህ?"

"እንደ መስተዋት ጥርት ብላ!"

"ካጠፋኋት እኮ ቆየሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሬበን ጉልበቱን እየመታ "አንተ ሰይጣን! በሳቅ ጨረስከኝ እኮ!" አለው። ሁሉም ቀልድ መሰላቸው፤ ቶርኪል ከቀልድ ሌላ መቼ ሠርቶ ያውቃል? እሱም እጁን ዘርግቶ እንደ ተዋናይ ጎንበስ አለላቸው፤ ሲቀመጥ ግን የወንበሮቹን ጩኸት በልቡ መልሶ ቆጠረ። ክሯ ስትበጠስ ገና አንድም ወንበር አልጮኸም ነበር። የሰባ አንድ ዓመቱ ፖስተኛ እንኳ ገና ቆሞ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ተራ በተራ ተሰሙ። ሦስቱም ለቶርኪል ኮት የተሰቀለባቸው መሰሉት። ሰዎቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እሱ መቀመጥ አልቻለም። ወጣ፣ የመኪናው በር መቆለፉን አየ፣ ገባ፣ ሽንት ቤት ሄደ፣ ሳይሸና ተመለሰ፣ ደግሞ የመኪናውን በር አየ። ሲግኔ "ዕረፍት! ከኬኩ በኋላ ቁጥር አራት!" ስትል ሰው ሁሉ ወደ ጎን ክፍል ጎረፈ። እሱ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ።

ግሬተ ክሬም የተቀባ ኬክ እየቆረጠች ነበር። ፕሬበን አጠገቧ ቆሞ ሳህን ያቀብላታል።

"ግሬተ" አለ ቶርኪል፣ "እነዚያ የአጥሩ ትንንሽ ወፎች... አሁን ይጮኻሉ?"

"ጎሕ ሳይቀድ ጀምረው ነው! እንቅልፍ ነስተውኛል።"

ፕሬበን ሳህኑን እንደያዘ ቀረ።

"ዘንድሮም?" አለ ቶርኪል።

"ዘንድሮም፣ አምናም። ዛሬ ጠዋትም ያንን ሹካህን እስክትጀምር ድረስ ነበሩ።"

"ታዲያ ስለ ድመቷ ስጽፍ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅኸኝ? ለጋዜጣው ነው የጻፍከው።"

ቶርኪል ወደ ፕሬበን ዞረ።

"ላሟን ግን በልታለች" አለ ፕሬበን ቀስ ብሎ፣ ሳህኖቹንም ይዞ ወጣ።

"ምን ሆነሃል?" አለች ግሬተ። "ፊትህ እኮ አመድ መሰለ።"

"ነይ ከኔ ጋር።"

"የት?"

"ከአንሶላው ጀርባ።"

"አብደሃል? ኬኩስ? እኔ ስለ ስፒከር ምን አውቃለሁ?"

"ጆሮሽን መቼ እንደሚያምሽ ታውቂያለሽ። እሱ ይበቃል።"

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ውስጥ ቶርኪል ለሚስቱ አንድ ቁልፍ አስነክቷት አያውቅም፤ አቧራ እንኳ እንድትጠርግለት አይፈቅድም ነበር። አሁን ግን ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ክሬም የነካካ ጣቷን ሽርጧ ላይ እየጠረገች፣ መድረኩ ጫፍ ላይ አስቀመጣት። ቦርዱን ከላፕቶፑ አገናኘ። ቫዮሊኑን ዝቅ አድርጎ ለቀቀው።

ግሬተ ፊቷን አጨማደደች።

"አሁንስ?" አንድ እርከን ቀነሰ።

"ያው ሹካ።"

"አሁን?"

"ሹካ።"

ቀነሰ፣ ቀነሰ። ስፒከሩን አላየም፣ ላፕቶፑንም አላየም፤ የሚያየው የሚስቱን ትከሻ ነበር። ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ተለጥፎ ነበር፤ አንድ እርከን በወረደ ቁጥር እሱም ይወርዳል። አሥራ አንደኛው ላይ ቅንድቧ ተፈታ። አሥራ አራተኛው ላይ እጇ ሽርጧ ላይ ተረሳ።

"እዚያ ጋ ተወው" አለች። "ውይ... ሰውየው እኮ ሲጫወት ይተነፍሳል። አየር ሲስብ ይሰማል። አንተስ አልሰማኸውም?"

ቶርኪል አንገቱን ዘንበል አደረገ። ለእሱ የሚሰማው ከሦስት ብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ፣ የሞተ ነገር ነበር። የሚተነፍስ ሰው የለም፣ ቫዮሊንም ያለ አይመስል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ስፒከር ሲመጣለት "ይመለስ" ነበር የሚለው።

"አይ" አለ። "አልሰማሁትም።"

ግሬተ ቀና ብላ አየችው። ቀልድ እየጠበቀች ነበር፤ ቀልዱ አልመጣም።

ከጎን ክፍሉ የወንበር ድምፅ ተሰማ፤ ሰው መመለስ ጀምሯል። "ቁጥር አራት ዝግጁ ነው?" አለች ሲግኔ ከአንሶላው ማዶ።

ላፕቶፑ ላይ ጥያቄው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አዲሱ ፕሮግራም ቦርዱ ላይ ይጫን? የቀድሞው ይጠፋል፣ አይመለስም። ቶርኪል ጣቱን አነሣ፣ ተወው፣ ደግሞ አነሣ።

"ሰውየው መተንፈሱን እርግጠኛ ነሽ?"

"ከአንተ ይልቅ ይተነፍሳል።"

"አዎ" የሚለውን ተጫነ። ከዚያም ላፕቶፑን ዘግቶ "ይሂድ" አለ።