የመርከቧ ዕቃ ቤት ኃላፊ

ራኬብ ጦር ኃይሎች ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የስልክ መስታወት ትለጥፋለች፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ትጭናለች። ደንበኛ ሲጠፋ የምትጭነውን ራሷ ታየዋለች። ያየችውን ደግሞ ለብቻዋ መያዝ አይሆንላትም። እናቷ እትዬ ማራኪ «የኔ ልጅ ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም» ይላሉ፤ ሲሉ ግን የሚኮሩ ይመስላሉ።

ዘንድሮ አንድ የጠፈር ተከታታይ ፊልም መጣ። ስሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ ኮልፌ ውስጥ አስተካክሎ የጠራው ሰው አልተገኘም። ስለዚህ «መርከቧ» ተባለና ቀረ። ታሪኩ ቀላል ነው። ምድር ትበላሻለች፤ የተረፉት ሰዎች በአንድ ትልቅ መርከብ ተጭነው በሰማይ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳሉ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ እርስ በርስ ይጣላሉ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይወጣል። ራኬብ ታየውና ቴሌግራም ቻናሏ ላይ በድምፅ ታወራዋለች፤ እየሳቀች፣ እየተሳደበች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች። ፊልሙን ከሚያየው እሷን የሚሰማው በለጠ። ዳታ አያስጨርስም፣ እንግሊዝኛም አይጠይቅም።

ችግር የሆነው የሰዎቹ ብዛት ነበር። «ፂማቸውም አንድ ነው፣ ስማቸውም አንድ ነው፣ ማን ማንን ገደለ?» እያሉ አስተያየት መስጫውን ሞሉት። ራኬብ መፍትሔ አገኘች፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከሰፈር ሰው ሰጠችው። ካፒቴኗ እናቷ ሆኑ፤ ምክንያቱም ለብቻቸው ወስነው ሲያበቁ «ተመካክረን ነው» ይላሉ። ከተጠራ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚመጣው ሮቦት የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። የአየር ሲሊንደሮቹን የሚጠብቀው ኦርሊክ የሚባል ሽማግሌ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሲሊንደር ሊወስድ የመጣውን ሁሉ በመነጽሩ በላይ ሲያይ ጊዜ፣ ራኬብ አላመነታችም።

«ይሄ ሰውዬ ጋሽ ዱባለ ናቸው። በቃ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

ጋሽ ዱባለ የዕድራችን ንብረት ኃላፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ሰሃኑንና ትልልቁን ብረት ድስት ከዕቃ ቤት አውጥተው ይሰጣሉ፤ ለቅሶው ሲያበቃ ይረከባሉ። በልጅነታቸው ከሶዶ መጥተው መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረዋል። ዛሬ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል፤ የቀራቸው ቁልፉ ነው። በክር አንገታቸው ላይ ያስሩታል፤ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩብርሃን ሲታጠቡም አያወልቁትም ብለዋል። ሲረከቡ ሲበዛ ጥብቅ ናቸው። አባቱን የቀበረ ሰው እንባውን ጠርጎ ጭልፋ ፍለጋ ሲንበረከክ አይተናል።

ኑሕ ደግሞ ከዓለም ባንክ ሰፈር ጦር ኃይሎች የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ነው። የራኬብን ድምፅ ስልኩ ላይ አውርዶ በስፒከር ይለቀዋል። ፊልም የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ እናቶች 18 ማዞሪያ ሲወርዱ የመርከቧን ፖለቲካ ጨርሰው ነው የሚወርዱት። ጋሽ ዱባለም የሰሙት እዚያው ታክሲ ውስጥ ነው። በማግስቱ ሱቋ መጡ። ራኬብ ስታያቸው ደነገጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማይ ላይ ሥራ አስገባሽኝ አሉ?»

«ጋሼ፣ ለቀልድ ነው እኮ፣ ካስከፋዎት...»

«ጡረታ አለው?»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ብቅ ማለት ለመዱ። በሩ ላይ ቆመው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ «ዛሬስ ምን ሠራሁ?» ይላሉ።

«ዛሬ ካፒቴኗን ከለከሏት። ሳትፈርሚ አየር አልሰጥም አሏት።»

«ደግ አደረግሁ! ካፒቴን ብትሆን ለራሷ ናት። እናትሽን አይደል ያልሻት? ልኳን ነው የሰጠኋት።»

እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ እንዲህ ነበር።

በአራተኛው ክፍል መርከቧ ውስጥ አየር ማነስ ጀመረ። ሕፃናት ይታፈናሉ፣ ሰው በየመተላለፊያው ይወድቃል። መጨረሻ ላይ አንድ ግድግዳ ሲፈርስ ከጀርባው ሲሊንደሮች ተደርድረው ተገኙ። የደበቀው ኦርሊክ ነበር። ራኬብ ጥሩ ፊልም እንዲህ በድንገት ሲያጋልጥ ነፍሷ ነው፤ ያየችበት ስሜት ሳይበርድ ስልኳን አነሳች።

«ጋሽ ዱባለ! ምነው ጋሽ ዱባለ! የሕፃናት አየር ይሸሸጋል? እኔ ድሮም ዓይኑን አላመንኩትም ነበር! ተጠንቀቁ፣ እንዲህ ያለው ዝምተኛ፣ ቁልፍ አንጠልጣይ ነው ጉድ የሚሠራችሁ!»

መልሳ ሳትሰማው ላከችው። ከላከቻቸው ሁሉ እንደዚያኛው ብዙ ሰው ያጋራው የለም።

ጋሽ ዱባለ በዚያ ሳምንትም መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። «ዛሬስ ምን ሠራሁ?» አሉ።

ራኬብ የያዘችውን ስልክ መስታወት አጥብቃ መወልወል ጀመረች። «ዛሬ እርስዎ የሉበትም ጋሼ። ሌላ ሌላ ነገር ነው።»

«የለሁበትም?»

«የሉበትም።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉና ሄዱ።

አመሻሹ ላይ ኑሕ መኪናውን አቁሞ ስልኩን ሊያሠራ ገባ። «ሰውዬሽ ትናንት ጋቢና ነበሩ» አላት። «ያንቺን ክፍል አራት ለቅቄ ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። እሳቸውም ሳቁ። ከዛ ፌርማታቸው ሳይደርስ ‘ወራጅ አለ’ አሉ።»

ራኬብ ድምፁን ወዲያው ከቻናሏ አጠፋችው። ኑሕን ደግሞ «አንተም አጥፋው» አለችው።

«እኔ ባጠፋው ምን ይረባሻል? ካራ ቆሬ ድረስ ሄዷል።»

ብዙም ሳይቆይ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሆነ። የሞቱት ሰው ዘመዳቸው ብዙ ነበር፤ ከገጠር በሁለት አውቶቡስ ሰው መጣና ሰሃን አነሰ። ሰሃን የሚያንስበት ለቅሶ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተራ በተራ ይታጠብና ይበላል። የዚያን ቀን ግን ከድንኳኑ ጥግ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ኦክስጅኑ የት ገባ?» አለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት በሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከሩቅ ያያቸው እያለቀሱ ነው ይል ነበር። ጋሽ ዱባለ ሰሃን ታቅፈው በመካከላቸው አለፉ። ራኬብ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን እንደ ደፋች ዋለች።

ሳቁ ሲያልቅ ጥያቄው ቀረ። «ለመሆኑ ያንን ዕቃ ቤት ከሳቸው ሌላ ገብቶ ያየ አለ?» ተባለ። አልነበረም። «ለምን አልነበረም?» ተባለ። እስከዚያ ድረስ ገብቶ ማየት የፈለገ ሰው ስላልነበረ ነው፣ ይሄ ደግሞ መልስ አይመስልም። ንብረቱ ይቆጠር፣ ሁለተኛ ቁልፍም ይቀረጽ የሚል ሐሳብ በወሩ መጨረሻ እሑድ ለሚደረገው የዕድር ስብሰባ ቀረበ።

ራኬብ ይቅርታ መጠየቅ አሰበች። ጋሽ ዱባለ ቤት ድረስ ሄዳ በሩን ሳታንኳኳ ተመለሰች። ምን ትበል? «የሉበትም» ብላ ዋሽታቸዋለች፤ አሁን «አሉበት፣ ያስገባሁዎትም እኔ ነኝ» ልትል ነው? እንዲያውም በፊልሙ በኩል ማስተካከል ይቀላል ብላ አሰበች። ኦርሊክ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ሁሉ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አምስተኛውን ክፍል ቁጭ ብላ እንደ ፍርድ ቤት ውሎ ተከታተለችው። ኦርሊክ ጭራሽ አልታየም። እሷ ግን ከድምፁ ግማሹን ስለሱ አወራች፤ ግድግዳ ውስጥ ዕቃ መገኘቱ ብቻ ማስረጃ እንደማይሆን፣ የሰው ስም በችኮላ እንደማይነሳ። ሰሚዎቿ ተሰላቹ። «እህት፣ ጦርነቱን ንገሪን» ብለው ጻፉላት።

የመጨረሻው ክፍል ከስብሰባው በፊት ባለው ሳምንት ወጣ። ራኬብ ሱቁን ከውስጥ ዘግታ አየችው። ኦርሊክ ተያዘ፣ በሕዝብ ፊት ቆመ፣ አመነ። አየሩን ከላይኛው ፎቅ ላሉት ሀብታሞች ሲያቀብል ኖሯል። የሚያሳዝን ታሪክ እንኳ አልነበረውም። «ለምን?» ሲሉት ትከሻውን ሰበቀ፤ ጸሐፊዎቹ የደከማቸው ይመስል።

ራኬብ ስልኳን አንስታ፣ የደስተኛ ሰው ድምፅ እያወጣች፣ «ጋሽ ዱባለ ነጻ ወጡ!» አለች። «አላልኳችሁም? ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው! ሕዝቡ እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ካፒቴኗም አለቀሰች።» የሌለ ልቅሶ ጨመረችበት፣ የሌለ እልልታም። በሕይወቷ ሳታየው ያወራችው የመጀመሪያው ፊልም ነው፤ ደግሞ ጥሩ አድርጋ ነው ያወራችው።

ሰው ደስ አለው። እስከ ከሰዓት። ከሰዓት በኋላ ሄቨን የምትባል የዓለም ባንክ ተማሪ «የምን ነጻ መውጣት? እኔ ያየሁት ላይ ሰውዬው አምኗል!» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ቪዲዮውን ቆርጣ ለጠፈችው።

ማታ እትዬ ማራኪ እራት እያቀረቡ፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ «ዱባለ አናግሮሻል?» አሉ።

«ስለምን?»

«ስለዚህ ስለ ፊልም ነገር። አስተካክለሽ እንድታወሪ።»

«ኧረ በጭራሽ! ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነዋ። ‘ንጹሕ ቢሆን ልጅቷን ለምን ያስዋሻታል?’ እያሉ ነው።» እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «እስከ ትናንት ድረስ እኮ የሚያምነውም የሚስቀውም እኩል ነበር። ዛሬ የሚስቅ የለም።»

ራኬብ አልበላችም። በቤት ተወካይ የሚሰበሰብ ዕድር ውስጥ ልጅ ገብቶ አይናገርም። ቢሆንም እሑድ ጠዋት «እማዬ፣ ዛሬ ባንቺ ፈንታ እኔ ልሂድ» አለች። እትዬ ማራኪ ነጠላቸውን አንስተው አለበሷት፤ ተመካክረው የወሰኑ ይመስል።

ሊቀመንበሩ አቶ ጉልላት ስለ ንብረት አያያዝ ዘመናዊነት ሲናገሩ ቆዩ። ጋሽ ዱባለ የፊት አግዳሚ ላይ ነበሩ። ራኬብ እጇን አወጣች። ድምፅዋ እንደ ቻናሉ አልሆነላትም።

«ይሄ ሁሉ የመጣው በኔ ነው። ጋሽ ዱባለን ከፊልም ሌባ ጋር ያመሳሰልኳቸው እኔ ነኝ። መጨረሻውንም የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ቆጠራውንም ተዉት።»

አቶ ጉልላት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ የምን ፊልም ነው?»

«መርከቧ...»

«እዚህ ያለው ሰው ትልቅ ሰው ነው። በፊልም ምክንያት ወንድማችንን የጠረጠረ አለ?» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ማንም የለም። በየታክሲው ሲስቁ የከረሙት ሁሉ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ የተሰደቡ ያህል ተቀየሙ። «አየሽ? ቆጠራው የአሠራር ጉዳይ ነው። ቁጭ በዪ።»

ይቅርታዋን የሚቀበል ጠፋ። ጥፋቱ የለም ተባለ፣ ቆጠራው ግን አለ።

ተቆጠረ። አንዲት ጭልፋ እንኳ አልጎደለችም። ጭብጨባ ሆነ፤ አቶ ጉልላት «አላልንም?» አሉ፤ ሁሉም ሰው ብሎ እንደነበረ ታወቀ። ሁለተኛው ቁልፍ ግን «ለሥራ ቅልጥፍና» እንዲቀረጽ ተወሰነ። ጋሽ ዱባለ ያኔ ተነሱ። ክሩን ባንገታቸው አወጡት፤ ጆሯቸው ላይ ትንሽ ያዛቸው።

«ሁለተኛ አያስፈልግም። ይኸው አንደኛው» አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ተቀመጡ። ተለመኑ። «ደክሞኛል» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ማንም አልነካውም፤ ሁሉም ሰው ሥራ እንደሚበዛበት አስረዳ። በመጨረሻ በየቤቱ በተራ ይያዝ ተባለና ከሊቀመንበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ተጀመረ። እዚያ የተቀመጠችው ራኬብ ስለነበረች የመጀመሪያው ተራ የእትዬ ማራኪ ቤት ሆነ። ተወካይዋ እጇን ዘረጋች። ክሩ ገና ሙቀት ነበረው።

በሚቀጥለው ለቅሶ ዕቃ ቤቱን የከፈተችው ራኬብ ናት። ድንኳኑን የተከሉት ወንዶች ናቸው፤ ከነሱ መሀል ጋሽ ዱባለ ነበሩ። እንደማንኛውም አባል አግዳሚ ተሸከሙ፣ ካስማ መቱ። ራኬብ ብረት ድስቱ የት እንዳለ ጠፍቶባት ስትንከራተት ከበሩ ሳያልፉ፣ ከውጭ ቆመው፣ «ከበስተግራ፣ ከጆንያው ሥር» አሏት።

ድንኳኑ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ያመጣውን እያስቀመጠ ሄደ። አብደላ ባለ ሱቁ አግዳሚውን ወርውሮት ነው የሄደው። ጋሽ ዱባለ የታጠበ ሰሃን ታቅፈው መጡ፤ በሩ ላይ ቆሙ።

«ያስቀምጡት ጋሼ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«ቁጠሪኝ።»

«ምን?»

«የሰጠሽኝን ታውቂያለሽ። ያመጣሁትን ቁጠሪ።»

«ጋሼ፣ እርስዎን እኔ...» ሰሃኑን ተቀበለቻቸው። «እባክዎ። ያን ቀን ሱቅ ሲመጡ ልነግርዎት ይገባ ነበር። አፍሬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። «ሳይቆጥሩ መረከብ ደግ አይደለም። ሌላ ቀን አንድ ሰሃን ሲጠፋ ሰው ማንን እንደሚል አታውቂም?»

ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። መሬት ተቀመጠችና ሰሃኑን አንድ በአንድ፣ እየጮኸች፣ እሳቸው እንዲሰሙ ቆጠረች። እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በደጅ የሚያልፈው ሰው እያየ፣ ቆመው ጠበቁ። መሀል ላይ እንባዋ መጣና ቁጥሩ ተምታታባት።

«እንደገና» አሏት።