የደብሩ ወይራ

ሽታሁን ባዶ መኪና ውስጥ መቀመጥ ከፈራ ሰነበተ። ሚኒባሱን ሊያጥብ በገባ ቁጥር ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማዋል። ዞር ሲል ማንም የለም። የሙት ድምፅ ቢሆን ጠበል ገብቶ በተገላገለ ነበር። የዚህ ድምፅ ባለቤት ግን በሕይወት አለች፤ ከእሷ የጠፋው ድምፁ ነው።

ሰገነት ትባላለች፣ ብቸና የምታስተምር ልጅ። በክረምቱ ጭጋግ በሽታሁን ሚኒባስ ከብቸና ወደ ሞጣ ሲጓዙ፣ ከአባቷ ቤት አጠገብ ካለችው ትንሽ ድልድይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» አለች። ወዲያው ጎርፍ ከሥር የበላው የድልድዩ ጠርዝ ተናደና ሚኒባሱ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ። ሰው አልሞተም። ሰገነትንም ጭረት እንኳ አልነካትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሐኪም አያት፣ ጠበል ተጠመቀች፣ ወይ ፍንክች!

ትራፊኩ «ለመንገዱ በማይመጥን ፍጥነት» ብሎ ከሰሰው፤ መንጃ ፈቃዱም ተያዘ። ሽታሁን ቅጣቱን ተቃውሞ አቤት አለ። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው። ከእንጀራው በላይ ደግሞ፣ የልጅቱን አፍ የዘጋው ነዳጅ የረገጠው የእሱ እግር አለመሆኑን አንድ ሰው አፉን ሞልቶ እንዲነግረው ፈለገ።

ብቸና ላይ አቤቱታውን የሰማችው ኢንስፔክተር እፀገነት ናት። ሽታሁን የአይሱዙ ሾፌሩን ይታገስን ምስክር አድርጎ ጠራ። አይ ምስክር! ይታገስ አበጥሮ ነው የመሰከረው።

«ድልድዩ ከሥር ተበልቶ ነበር። የዚያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ሳልፍ ስንጥቁን አይቼ፣ የኋላ መጪ እንዲጠነቀቅ ብዬ የወይራ ቅርንጫፍ ገንጥዬ መንገዱ ላይ ደርድሬያለሁ» አለ።

ሊያድነው መጥቶ ገደል ከተተው። እፀገነት ወደ ሽታሁን ዞረች። «ምልክት ከነበረ ለምን አልቀነስክም?»

«ቅጠል አልነበረም! በሥላሴ ስም፣ አንድም ቅጠል አልነበረም!»

«እንግዲያው ያነሳውን ሰው ፈልገህ አምጣ። ቀጠሮ እሰጥሃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሽታሁን በሰው መኪና ተሳፍሮ ወደዚያች ድልድይ ሄደ። ሊወርድ አፉን ሲከፍት፣ ያ የሴት ድምፅ ከኋላው ቀደመው፤ «ወራጅ አለ!» ሾፌሩ ግን አልሰማም፤ ማንም አልሰማም። ሽታሁን ምላሱ ተሳስሮ ብዙ ካለፈ በኋላ ወርዶ፣ በእግሩ ተመልሶ ድልድዩ አጠገብ ያለው ቤት ገባ።

የሰገነት አባት ቄሰ ገበዝ ወልደ ኪዳን ናቸው፤ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሣር እንኳ ቢነጭ የሚቆጡ ሰው። ሰገነት ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትላለች። ሽታሁን ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ።

«ቂም አልያዝኩብህም ልጄ» አሉት ምንም ሳይጠይቃቸው። «ያ ቀን ከጧቱም ደግ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ብወጣ የደብሩ ወይራ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ተበትኗል። የቆመ መኪና የለ፣ የተበላሸ የለ፤ እንዲያው የጥጋብ! የታቦት ዛፍ ጎማ ይርገጠው? አንድ ባንድ ለቅሜ ቅጥር ግቢ አስገባሁት።»

የሰገነት እንዝርት ቆመ። ቀና ብላ ሽታሁንን አየችው፤ እሱም አያት። የመጣበት ነገር ምላሱ ላይ ነበር፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ዋጠው። እኚህ አባት የልጃቸውን አፍ በገዛ እጃቸው መዝጋታቸውን ሰምተው እንዴት ይቀድሳሉ? እንዴት ያድራሉ?

«ደግ አደረጉ አባ» አለ።

ሲሸኙት «በቀጠሮህ ቀን እመጣለሁ፤ የልጅቱ አባት ምሬዋለሁ ካልኩ ይራሩልሃል» አሉት። «አይድከሙ» ቢላቸው አልሰሙትም።

በቀጠሮው ቀን ሰገነትን አስከትለው መጡ። ሽታሁን ነገሩን ባጭሩ ሊቀጭ ተጣደፈ። «አቤቱታዬን አንስቻለሁ። ፈጥኜ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

እፀገነት ጠረጠረች። «ቅጠሉን አይተኸው ነበር ማለት ነው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ቅጠል አልነበረም።»

ሽታሁን ያው የሚያሳድደው ድምፅ መስሎት አልዞረም። የዞረው ቄሰ ገበዙ ሲጮኹ ነው። «ስብሐት ለእግዚአብሔር! ልጄ ተናገረች!» መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ ያደርጋሉ፣ ጉንጯን ይስማሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላሉም። ሰገነት እጃቸውን አጥብቃ ይዛ እንባዋ ይወርዳል።

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አነሳች። «ካልነበረ ማን አነሳው?»

ቄሰ ገበዙ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ፤ ፊታቸው ገና በደስታ እንደበራ ነው።

«የቱን ቅጠል?» አሉ።