እህትህን ጠብቃት

ድራም ተጫዋቹን ባንዱ ውስጥ «ሰዓቱ» ነው የሚሉት። በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ዘፋኝ ቢሳሳት፣ መብራት ቢጠፋ፣ ከታች ሰካራሞች ወንበር ቢወራወሩ እሱ ምቱን አይለቅም። እንዲህ ያለ ሰው ለባንድ በረከት ነው። ለቤተሰብ ግን አንዳንዴ ያስቸግራል።

እህቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ቀብሯ ላይ አላለቀሰም፤ ቤት ገብቶም አላለቀሰም። ሰው መጀመሪያ «ጠንካራ ነው» አለ፣ ቆየት ብሎ «ድንጋጤው ነው» አለ፣ በኋላ ግን ምንም ማለት ትቶ በጎን ያየው ጀመር። እውነቱን ለመናገር እሱም ራሱን በጎን ማየት ጀምሮ ነበር።

እህቱ የባንዱ ዘፋኝ ነበረች። ታላቁ ስለሆነች በልጅነቱ «እታለም» ይላት ነበር፤ ከሱ ሰምቶ ባንዱም እታለም አላት፣ ከባንዱ ሰምቶ ሕዝቡም እታለም አላት። አያቶች የሆኑ ሰዎች እንኳ ከወንበራቸው ተነስተው «እታለም፣ ድገሚው!» እያሉ ሲጮኹ እየሳቀች ትደግምላቸዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ነበረባት። መጨረሻ ላይም የወሰዳት እሱ ነው።

ከሞተች በኋላ ድምጿ ከተማውን ሞላው። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ትኬት ያልቆረጠላት ሁሉ አሁን መስኮቱን በርግዶ ያስጮኻታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ እሷ ናት፣ ታክሲው እሷ ናት፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ተራ ሲጠብቁም እሷ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ጋ የሆነውማ አይነሳ። ሬዲዮው ሲያዘፍናት ሰውየው ምላጩን አንስቶ «ሰው ሲሞት ድምፁ እንዴት እንደሚጣፍጥ አየህልኝ? በቁሟ እንዲህ አልነበረችም እኮ!» አለ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ትዝ ሲለው ክው ብሎ ቀረ።

«ምንም አይደል። ጎኑን ትንሽ አሳጥረው» አለው ሰዓቱ።

የምሩን ነው፤ ምንም አልነበረም። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው።

እንዲህ ሆኖ አልተፈጠረም እኮ። ጎረምሳ ሳለ፣ እሱ ሳይወለድ የሞተ አንድ ዘፋኝ በሬዲዮ ሲዘፍን ሰምቶ ሆዱ ባብቶ ተንሰቅስቆ ያውቃል። እታለም በሩ ላይ ቆማ ሳቀችበት። «አንተ ልጅ፣ አይተኸው ለማታውቀው ሰው ነው እንዲህ የምትሆነው? እኔ የሞትኩ ቀን ምን ልትሆን ነው?» ብላው ነበር። ምን እንደሆነ ብታይ ጉድ ትል ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካሴቷን ደጋግሞ ከፍቷል፤ የሚሰማው ግን ምቱ ብቻ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ሮጠናል፣ እዚያ ጋ ቤዙ ዘግይቷል፣ ይላል ጆሮው። እንደ ቀጣሪ ነው የሚያዳምጣት። ሰው ሁሉ እታለምን ይሰማል፤ እሱ ብቻ አይሰማትም።

እናቱ ደግሞ በተቃራኒው ናት። ዘፈኗ ከጎረቤት ሲመጣ መስኮት ትዘጋለች፣ ፎጣ ትወትፋለች፣ እሱም አልበቃ ሲላት ቧንቧ ትከፍታለች። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታው እንዲህ አለችው፦

«የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አቅፎኝ ያለቅስላታል። አንተ ምን ሆንክብኝ?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

«ልብህ ደነደነ?»

«እኔ እንጃ አልኩሽ እኮ።»

እሷም የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበችው።

እንግዲህ የመታሰቢያው ዝግጅት የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሐሳቡ የኪቦርድ ተጫዋቹ ነው፤ መነጽር ስለሚያደርግና የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል። ከስቱዲዮው ቅጂ ላይ መሣሪያውን ሁሉ አራግፎ የእታለምን ድምፅ ብቻውን አወጣው። ድምጿ ከስፒከር ይወጣል፣ ባንዱ ደግሞ መድረክ ላይ በቁሙ ያጅባታል።

ለልምምድ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ድምጿን ብቻውን አሰማቸው። አንድም መሣሪያ የለ፤ እሷ ብቻ። ሰውነቱ በበር የማይገባው፣ በዚሁ ምክንያት «ቀጭኑ» የሚባለው ቤዝ ተጫዋች ጊታሩን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። ሰዓቱ የድራሙን የነሐስ ሳህን የያዘችውን ብሎን እያጠበቀ አዳመጠና፦

«ትንሽ ፈጥናለች» አለ።

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ፈጥናለች ሲል ስለ መጨረሻው ዘፈን ነበር፤ ባንዱ «የደረጃው» ስለሚለው። እታለም የጻፈችው ስላደጉበት ሕንፃ ነው። ቤታቸው ላይኛው ፎቅ ነበር፣ ሊፍት የሚባል ነገር አልነበረውም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሱ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል፤ እሷ ታች የመደገፊያውን ብረት ይዛ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እናታቸው ከላይ አንገቷን አስግጋ «እህትህን ጠብቃት!» ትለዋለች። በየቀኑ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ እስኪይዘው። እሱም መታጠፊያው ላይ ቆሞ፣ እስክትደርስ ድረስ የደረጃውን ብረት በእርሳስ እየመታ ይጠብቃታል። ድራም መምታት የጀመረው እዚያ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

አስም ያለባት ሴት ስለ ደረጃ መዝፈኗ ሲገርም፣ የመጨረሻው ስንኝ ደግሞ ረጅም ነው፤ ማረፊያ የለውም፣ እየወጣ እየወጣ ይሄዳል። መድረክ ላይ እዚያ ስትደርስ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ከስንኙ በፊት ግራ እጇን ወደ ኋላዋ ትልክና መዳፏን ትዘረጋለች፤ ይኼኔ እሱ መምቻዎቹን አንስቶ ይቆማል፣ እሱን ተከትሎ ባንዱ በሙሉ ይቆማል። ትንፋሿ ሲመለስ መዳፏን ትጨብጣለች፤ እሱም መምቻዎቹን ያወርዳል። ሕዝቡ ይህን ዝምታ ይወድደው ነበር። ጋዜጣ ላይ «ጥበብ» ተብሎ ተጽፎለት ሁለቱ እስኪያማቸው ስቀዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ስንኙን ቆራርጣ፣ በየመሃሉ እያረፈች ነው የቀዳችው፤ በኋላ ስለተገጣጠመ ቅጂው ላይ ዝምታው የለም።

ፕሮፌሰሩ ይህን ያውቃል። ለሰዓቱ ምት የሚቆጥር ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰካለትና፦

«ድምጿ አይቆምም፣ ገባህ? አንተ እሷን ተከተል፣ እኛ አንተን እንከተላለን። እንዳትቆም።»

«መቼ ስቼ አውቃለሁ?»

«አልሳትክም። እንዲያው ነገሩን ነው።»

ልምምዱ ላይ አንዴም አልሳተም። ማዳመጫው ቲክ ቲክ ይላል፣ እሱ ይመታል፤ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ሥራውን ሠርቶ ቤቱ ሄደ።

ሄዶም ቁርጡን ለራሱ ነገረው። እዚያ መድረክ ላይ፣ ከሷ ድምፅ ጋር ተቀምጦ ምንም ካልተሰማው ድራሙን ይሸጣል። አጎቱ ጎማ ቤት አለው፤ ና ሥራ ብሎት ያውቃል። ጎማ ስሜት አይጠይቅም። እናቱንም በዚያው ሰሞን ለመናት፦ «ነይ፣ እማዬ። አንድ ቀን ብቻ ስሚያት።» እሷም «አንተም የምትሰማት ከሆነ እመጣለሁ» አለችው።

ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቱ ፊት ለፊት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። የእታለም ድምፅ ሲጀምር አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሰዓቱ ይመታል። ቀጭኑ ፊቱ እንባ በእንባ ሆኗል፣ ጣቶቹ ግን ይሠራሉ። ሰዓቱ ወደ ውስጡ ጠጋ ብሎ ፈለገ፤ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ። ያለው ቲክ ቲክ ብቻ ነበር። ጎማ ቤቱ ታየው፤ የጎማው ሽታ ሳይቀር።

የደረጃው ዘፈን ሊጀመር ሲል ቀና አለና እናቱን አያት። እናቱ መድረኩን አትመለከትም፤ የምታየው እሱን ነው። ያኔ «አንተም የምትሰማት ከሆነ» ያለችው ትዝ አለው። በዚህ ቲክቲክታ መሃል እንዴት አድርጎ ነው የሚሰማት? ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ መሬት ላይ ጣለው። ፕሮፌሰሩ አይቶ ዓይኑን አፈጠጠበት፣ ሰዓቱ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

ድምጿ መጣ። ደረጃውን መውጣት ጀመረች። እሱም ያለ ማዳመጫ፣ እንደ ድሮው ከኋላዋ ሆኖ መታላት። አንደኛው ስንኝ፣ ሁለተኛው። እጁ ያውቃታል፤ የት እንደምትከብድ፣ የት እንደምታዘግም ያውቃል። የመጨረሻው ስንኝ አፋፍ ላይ ሲደርሱ፣ ማንም መዳፉን ሳይዘረጋለት፣ መምቻዎቹን ወደ ላይ አንስቶ ቆመ።

እሱን ተከትሎ ቀጭኑ ቆመ። ፕሮፌሰሩም፣ ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ከራሱ አፍ የወጣ ሰውዬ፣ በልማዱ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ለስንት ዓመት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው ያደረጉት። ባንዱ በሙሉ ቆሞ ጠበቃት።

እሷ ግን አልቆመችም።

ስንኙን ብቻዋን ያዘችው። ያ ረጅም፣ ማረፊያ የሌለው ስንኝ ያለ ድራም፣ ያለ ቤዝ፣ ያለ ማንም እየወጣ ሄደ። ሰዓቱ መምቻዎቹን አንስቶ እንደያዘ ትንፋሿን ጠበቀ። አልተነፈሰችም። አሁን ያጥራታል አለ በልቡ፣ አሁን ታሳልብኛለች፣ አሁን ትቆማለች። አላጠራትም። ትታው ወጣች። ሊደርስባት ይችል ነበር፤ እጁን ማውረድ ብቻ ነው። እጁ ግን እምቢ አለው። እታለም ሞታለች፤ ከእንግዲህ የምትጠበቅ ሰው አይደለችም። ቀብሯ ላይ ያልገባው፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ያልገባው ነገር እዚያ፣ ክንዶቹን ሰቅሎ በተቀመጠበት ገባው።

ዘፈኑ አለቀ። ሕዝቡ ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። ነገ ጋዜጣው «ጥበብ» ብሎ ይጽፈው ይሆናል፤ የሚስቅ ግን የለም።

ከመድረክ ጀርባ የድራሙ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ፕሮፌሰሩ ሊቆጣ መጥቶ፣ ፊቱን ሲያይ ትከሻውን ነካ አድርጎት ተመለሰ። ቀጥሎ እናቱ መጣች፤ ቦርሳዋን እንደታቀፈች አጠገቡ ቆመች።

«ጠበቅካት» አለችው።

«ጠበቅኳት፣ እማዬ።»

«አየሁህ።» ቀጥላ ምን እንደምትል የጠፋት መሰለች። የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች፣ ሳይበቃት መልሳ አስተካከለችው። «እንግዲህ አሁን ትንፋሽ አያጥራትም ማለት ነው» አለች።

ሰዓቱ «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦበታል፣ አየር ወደ ውስጥ እየገባ አይወጣም። የሣጥኑን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ፤ እሷ ያንን የደረጃ ብረት ትይዝ እንደነበረው።

«እንሂድ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ጠብቂኝ» አላት።

እናቱ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ጠበቀችው።