ከመንዝ ያልወጣ ድምፅ

«ወይዘሮ አረጋሽ፣ ይሰሙናል? መልስዎን እየጠበቅን ነው» አሉ የመሐል ዳኛው፣ ከአዲስ አበባ፣ በፕላዝማው።

መንዝ፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ክፍል ውስጥ፣ ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና ወደ ካሜራው ተጠጉ።

«እሰማለሁ እንጂ ጌታዬ! አዎ ብያለሁ እኮ!»

«ዝም ብለው ተቀምጠዋል» አሉ ዳኛው ወደ ጎን ዞር ብለው።

ማዕረግ ደነገጠ። ሴትዮዋ ቆመዋል። አዲስ አበባ የሚታየው ግን ከጥያቄው በፊት አፋቸውን ገጥመው የተቀመጡበት ምስል ነው። የወረዳው የኮምፒውተር ባለሙያ እሱ ነውና የማሽኑን በሽታ ያውቀዋል። ማሽኑ ድምፅና ምስሉን ወደ ሳተላይት ከመላኩ በፊት ሜሞሪ በሚባለው ማኅደረ ትውስታው ላይ ለአፍታ ያቆየዋል። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ደግሞ በዚህ የተያዘውን ቦታ ይቆጥራል፤ ሲላክ ከሒሳቡ መቀነስ አለበት። የዚህኛው ማሽን ከርነል ግን አንዳንዴ ሳይቀንስ ያልፋል። ቀድሞ የተላከው ሁሉ ገና እንዳልተላከ ይቆጠርና ገደቡ ሲደርስ አዲስ አልቀበልም ይላል። ሜሞሪው ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ ግን ሞልቷል።

ይህን ለበላይ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ነግሯል። ማስተካከያውም የይለፍ ቃሉም በእነሱ እጅ ነው። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አጥፍተህ አብራው።» ዛሬም ጠዋት አጥፍቶ አብርቶት ነበር፤ ከወይዘሮ አረጋሽ በፊት የነበረው ጉዳይ ሲረዝም መልሶ ሞላ። አሁን ቢያጠፋው መስመሩ እስኪመለስ ተራው ለሌላ ወረዳ ይሰጣል።

ስልኩን አወጣና ወደ ችሎቱ ሬጅስትራር ደወለ። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ጉዳዩ የገብስ ማሳ ነው፣ ከጓሳ ተራራ ሥር። የወይዘሮ አረጋሽ አክስት እማሆይ አመተሥላሴ ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ እስኪሞቱ የጦሯቸው እሳቸው ናቸው፤ ማሳውንም ተናዘውላቸዋል። አዲስ አበባ የሚኖረው የሟች ወንድም ልጅ ወዳጆ ግን «አብራቸው አልኖረችም፤ ለኑዛዜው ነው የመጣችው» ብሎ በሥር ፍርድ ቤት ረታ። ወይዘሮ አረጋሽ ለበላይ ፍርድ ቤት ስላመለከቱ፣ አሁን ከጠበቃው ጋር አዲስ አበባ ዳኞቹ ፊት ተቀምጧል።

«ለመጨረሻ ጊዜ እንጠይቅዎ» አሉ ዳኛው። «ከሟች ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል?»

«ኖሬያለሁ! በእጄ አጉርሻቸዋለሁ፤ ታቅፌ ደጀ ሰላም አድርሻቸዋለሁ። አገሩ ይመስክር!»

በፕላዝማው ላይ የወዳጆ ጠበቃ ሲነሣ ታየ። ድምፁ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መስመሩ ደኅና ነው፤ ቅድም ስማቸውን ሲናገሩ ሰምተናል። መልስ ስለሌላቸው ነው ዝም ያሉት።»

«ኧረ እየተናገርሁ!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። ወደ ማዕረግ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

ማዕረግ ካሜራው ፊት ገብቶ እጁን አውለበለበ። ማንም ቀና አላለም። ማጥፊያው ላይ ጣቱን አሳረፈና ሳይጫን መለሰው።

«አመልካች መልስ ባለመስጠታቸው ጥያቄው ታልፏል። መዝገቡ ለፍርድ ተቀጥሯል» አሉ ዳኛው። ፕላዝማው ሰማያዊ ሆነ።

ጥሩሸዋ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ማዕረግን ቀስ ብላ «ሰምተውዎታል በላቸውና ይሂዱ። የማሽኑ ነገር ከዚህ እንዳይወጣ ተብለሃል» አለችው።

ወይዘሮ አረጋሽ ወንበሩን ተደግፈው ቆመዋል። «መጨረሻ ላይ እንኳ ሰሙኝ አይደል?»

«አልሰሙዎትም፣ እማማ» አለ ማዕረግ። «ማሽኑ ነው እንጂ እርስዎ አላጠፉም።»

«ይህንን ማን ይነግራቸዋል?»

«እዚያው ሄዶ ማመልከት ነው። ላይቀበሉም ይችላሉ።»

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ዝም አለች ብለዋል እኮ።»

ማዕረግ በመስኮቱ ወደ መናኸሪያው አየ፤ የዕለቱ መኪና ሄዷል።

«የሚያድሩበት ዘመድ አለዎት?»

«የእህቴ ልጅ ቤት አድራለሁ።»

«እንግዲያው ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ጋ ይጠብቁኝ» አላቸውና ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። «ነገ የት ነው ብለው ከጠየቁሽ አዲስ አበባ ነው በይልኝ። ለምንስ ሄደ ካሉሽ አትደብቂ።»